ካቫሊየር ውሻ ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ትንሽ ውሻ ነው። ክብደቱ ከ5.4 እስከ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ጆሮዎቹ ረጃጅምና ጸጉራም ናቸው። ጅራቱ አያርፍም። ለሰው ያለው ፍቅር ልክ የለውም፤ የማያውቀውን እንግዳ እንኳ እንደ ቤተሰብ ይቀበላል።

ይህ ጠባዩ ግን ባለቤቱን ያዘናጋል። ካቫሊየር እያመመውም ጅራቱን ይቆላል። የሆዱን በሆዱ ይዞ ጭንዎ ላይ ይተኛል። ከታች ያሉትን ስህተቶች የሚሠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ውሻቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

መልኩን አይቶ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

በልብ ግራ ክፍል ማይትራል የሚባል ቫልቭ አለ። ደም ወደፊት ካለፈ በኋላ ተመልሶ እንዳይመጣ ይዘጋል። በብዙ ትናንሽ ውሾች ላይ ይህ ቫልቭ በእርጅና ዘመን ይበላሻል። ካቫሊየር ላይ ግን ገና በጉልምስናው ይጀምራል። 5 ዓመት ከሞላቸው ካቫሊየሮች ግማሽ ያህሉ የዚህ በሽታ ምልክት ይገኝባቸዋል። 10 ዓመት ሲደርሱ ያልነካው ማግኘት ብርቅ ነው። የዝርያው ዋነኛ ገዳይም ይኸው የልብ በሽታ ነው።

በሽታው በዘር ይተላለፋል። ስለዚህ ቡችላውን ከማየትዎ በፊት የወላጆቹን የልብ ምርመራ ውጤት ይጠይቁ። «ጤነኛ ናቸው» የሚል ቃል በቂ አይደለም። የእንስሳት ልብ ሐኪም የፈረመበትን ወረቀት ይመልከቱ። ቀኑንም ይዩ፣ ምክንያቱም የአንድ ዓመት ውሻ ልቡ ደህና ነው ቢባል ብዙም አያስተማምንም። በሽታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠንቃቃ አርቢዎች ውሾቻቸውን ቢያንስ 2 ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው አያራቡም። የቡችላው አያቶችም 5 ዓመት ሲሞላቸው ልባቸው ንጹሕ እንደነበረ ያጣራሉ። ይህን ሲጠይቁት የሚቆጣ ወይም ወሬ የሚያስቀይር አርቢ ካጋጠመዎት፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ትተውት ይሂዱ።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለማወቅ ኖርዌይን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካቫሊየር እርባታ የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ውሳኔው ብዙ ወዳጆቹን አሳዝኗል። እኔ ግን ፍርድ ቤቱ ያየው ችግር እውነተኛ ነው እላለሁ።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። የታወቁት የካቫሊየር ቀለሞች አራት ናቸው። ብሌንሃይም የሚባለው ነጭና ቀይ ቡኒ ነው። ሩቢ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ ቡኒ ምልክት አለው። አራተኛው ጥቁር፣ ነጭና ቡኒ የተቀላቀለበት ነው። «ብርቅዬ ቀለም» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሰው ካለ ይጠንቀቁ።

ከአጎቱ ልጅ ጋር ማምታታት

ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል የሚባል ሌላ ዝርያም አለ። እሱ አነስ ያለ፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ አናቱ የሞላ ነው። ካቫሊየር ግን አፍንጫው ረዘም፣ አናቱም ጠፍጠፍ ይላል። ስማቸው ስለሚመሳሰል አንዱን ፈልጎ ስለሌላው የሚያነብ ሰው ብዙ ነው።

ታሪካቸው የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1660 እስከ 1685 እንግሊዝን የገዛው ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ትናንሽ ስፓንየሎችን ከጎኑ አይለይም ነበር። በዘመኑ የነበረው ባለሥልጣን ሳሙኤል ፒፕስ ንጉሡ የመንግሥት ጉዳይ እየተመከረ ከውሻው ጋር ሲጫወት አይቶ በማስታወሻው ተማሯል። የዚያ ዘመን ሥዕሎች ላይ ያሉት ውሾች አፍንጫቸው ረዘም ያለ ነው። በኋላ ጠፍጣፋ ፊት ፋሽን ሆነና የድሮው መልክ ሊጠፋ ተቃረበ።

ሮዝዌል ኤልድሪጅ የሚባል አሜሪካዊ ያንን የድሮ መልክ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ መጣ። አጣው። እ.ኤ.አ. በ1926 በክራፍትስ የውሻ ውድድር ላይ አፍንጫው ረጅም የሆነ ውሻ ለሚያቀርብ 25 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ። የካቫሊየር ክለብ በ1928 ተቋቋመ። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬነል ክለብ ደግሞ በ1945 ራሱን የቻለ ዝርያ ብሎ ተቀበለው።

ይህ ታሪክ ከጤናው ጋር ይገናኛል። ዝርያው እንደገና የተጀመረው በጥቂት ውሾች ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ያሉትንም አመናመናቸው። ከጥቂት ውሾች የተወለደ ዘር፣ የእነዚያን ጥቂቶች ሕመም ይዞ ይቀጥላል።

ብቻውን ጥሎ መዋል

ካቫሊየር የተራባው ለሰው ጓደኛ እንዲሆን ነው። ከክፍል ክፍል ይከተላል፣ መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱ ከሆነ፣ ቤትም የሚቀር ሰው ከሌለ፣ ይህ ውሻ ለእርስዎ አይሆንም። ያለቅሳል፣ ዕቃ ያኝካል፣ ይጨነቃል። ሲገቡ ተቆጥተው ቢጮኹበት ደግሞ ነገሩ ይብስበታል፣ ልቡ ስስ ነውና። ለስልጠናም ቢሆን ቁጣ አይሠራለትም። ጥቂት ምግብና ምስጋና ይበቃዋል።

ቤት ይጠብቃል ብሎ መጠበቅ

አይጠብቅም። ሌባም ቢገባ ደስ ብሎት ይቀበለዋል። ጥበቃ ከፈለጉ ሌላ ዝርያ ይፈልጉ።

ሜዳ ላይ ገመዱን መፍታት

ጭን ወዳድ ስለሆነ ይዞት የመጣው ተፈጥሮ ይረሳል። ስፓንየል መሠረቱ የወፍ አዳኝ ነው። እርግብ ብድግ ስትል ካየ ሌላው ሁሉ ከአእምሮው ይጠፋል። መኪናም አይፈራም። ስለዚህ አጥር በሌለበት ቦታ ገመዱን አይፍቱት፣ የቱንም ያህል ሲጠሩት የሚመጣ ቢሆን።

ማከኩን ሁሉ ቁንጫ ነው ማለት

ይህን ስህተት ሳይ ሆዴ ይባባል። ውሻው እየተራመደ በአንድ በኩል አንገቱን ወይም ትከሻውን ለማከክ እግሩን ያነሳል። ብዙ ጊዜ እግሩ ቆዳውን አይነካም፤ አየሩን ብቻ ያካል። ለተመልካች ያስቃል። ቪዲዮ ቀርጾ የሚለቅም አለ።

ይህ ምልክት ሲሪንጎማየሊያ የሚባል ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላል። የብዙ ካቫሊየሮች የራስ ቅል ከኋላ በኩል ለአንጎላቸው ይጠባል። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚዘዋወረው ፈሳሽ እንደልቡ መተላለፍ ሲያቅተው፣ ሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። ውሻው በጣም ይታመማል። ሌሎች ምልክቶችም አሉት፦ ሲያነሱት በድንገት መጮህ፣ አንገቱን ሲነኩት መሸሽ፣ ራሱን ከፍ ያለ ነገር ላይ አስደግፎ መተኛት። እርግጡ የሚታወቀው በኤምአርአይ ነው። ሕመሙን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ከባድ ሲሆን ቀዶ ሕክምናም ይሞከራል።

ቁንጫና የጆሮ ችግር አስቀድሞ መታየት አለበት፣ ትክክል ነው። ነገር ግን ቁንጫ ካልተገኘና ማከኩ ከቀጠለ፣ ያንኑ ቪዲዮ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም አንገት ላይ ከሚጠብቅ ማሰሪያ ይልቅ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ይጠቀሙ።

«አልሰማ አለኝ» ብሎ መቆጣት

ካቫሊየር መካከለኛ ጆሮው ውስጥ የሚያጣብቅ ዝልግልግ ፈሳሽ ሊጠራቀምበት ይችላል። መስማቱ ይቀንሳል። እልኸኛ የመሰለዎት ውሻ ጭራሽ አልሰማዎት ይሆናል። ከመገሠጽዎ በፊት ያስመርምሩት።

የውጭ ጆሮውም ረጅምና ጸጉራም ስለሆነ አየር እንደልብ አያገኝም። በየሳምንቱ ገልጠው ይዩት፣ ያሽቱትም። መጥፎ ጠረን፣ ቅላት ወይም ቡናማ ቆሻሻ ካለ ሐኪም ይየው። ጸጉሩን በተለይ ከጆሮው ጀርባና በብብቱ ሥር በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ያበጥሩት። ሞቀው ብሎ መላጨት አይመከርም፣ ሲያድግ የቀድሞ ልስላሴው ላይመለስ ይችላል።

በዓይኑ መሸነፍ

ሲበሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይንዎን ያያል። አንጀት ይበላል። ግን ግማሽ ኪሎ ለ7 ኪሎ ውሻ ማለት 5 ኪሎ ለ70 ኪሎ ሰው እንደ ማለት ነው። ውፍረት ደግሞ ለደከመ ልብ ትልቅ ሸክም ነው። የጎድን አጥንቱን በእጅዎ ሲዳብሱት ሊታወቅዎ ይገባል። ካልታወቀዎ ወፍሯል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት እንዲሁም ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ መርዝ ስለሆኑበት በትንሹም ቢሆን አይቅመሳቸው።

እስኪያስለው መጠበቅ

ሳል፣ ቶሎ መድከም፣ ራስን መሳት የሚመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ሐኪም ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ልቡን ሲያዳምጥ ያልተለመደ ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ጤነኛ ቢመስልም በየዓመቱ ልቡ ይደመጥ። ድምፁ ከተሰማ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ልቡ መስፋት ከጀመረ ፒሞቤንዳን የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት መድኃኒቱ የልብ ድካሙን መምጫ በአማካይ በ15 ወራት ገደማ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ሳል እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ይህን ዕድል ያጣል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ማንም ሊሠራው የሚችል ቀላል ነገር አለ። ውሻው ጥልቅ እንቅልፍ ሲተኛ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ይቁጠሩ። ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉት። ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። እየጨመረ ከመጣ ወይም ደጋግሞ ከ30 ካለፈ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ ይደውሉ። ምላሱ ከጠቆረ ወይም ቁጭ ብሎ አንገቱን እየዘረጋ አየር ከሳበ ግን መደወሉንም ትተው ይዘውት ይሂዱ።