ጀበና፣ ሲኒ፣ ጭስ፦ ከሎጎ እስከ መጽሐፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ እኛ ግራፊክ ዲዛይነሮች የቡና ሎጎ ሥሩ ስንባል እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ጀበና ላይ ነው። ከጎኑ ሲኒ፣ ከላይ ጠመዝማዛ ጭስ። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ አልክድም። ችግሩ ጎረቤቱም ያው ነው ያለው። ከጀበና ያመለጠው ደግሞ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ከመሳላችሁ በፊት ሄዳችሁ ቡናውን ጠጡና ባለቤቱን ጠይቁት፤ ማን ነው የሚገዛው? መደርደሪያ ላይ ከማን ጎን ነው የሚቆመው?

ሎጎውን በማህተም አለመሞከርም አለ። እኛ አገር ሎጎ ዞሮ ዞሮ ማህተም ላይ መግባቱ አይቀርም፤ እዚያ ቀለሙ አንድ፣ ቦታውም ጠባብ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲያበራ የነበረው ሰማያዊ ጭቃ ይሆናል። መጀመሪያ በጥቁር ብቻ ሥሩት።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን የፊደል ነገር ነው። ሉ እና ሊ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ አንዱ እግሩ ላይ። ፎንቱን አወፍራችሁ፣ አሳንሳችሁ፣ ጨምቃችሁ ስታስገቡት ጭረቷ ትጠፋና አንባቢ በግምት ያነባል። ማዝመሙንም ተዉት፤ ፊደላችን እንደ ላቲኑ የራሱ ዘመም ቅርጽ የለውም፣ በግድ ስታጋድሉት ሊወድቅ የደረሰ አጥር ይመስላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን ዛሬም በድሮ ፎንት የተጻፈ ረቂቅ ይመጣል። ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሩት ፎንት ብትለውጡ ገጹ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆንባችኋል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። የአንድ መጽሐፍ ሽፋን የሠራሁት ለ320 ገጽ ነበር፣ ደራሲው መጨረሻ ላይ 80 ገጽ ቀነሱ፣ እኔ ደግሞ የመጽሐፉን ጎን (መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርዕሱ የሚታይበትን) ማጥበብ ረሳሁ። 240 ገጽ ማለት 120 ቅጠል ነው፤ ወረቀቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጎኑ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ እኔ 16 ሰጥቼዋለሁ። አዲስ አበባ ታትሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሲመጣ ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጎኑን ሞልቶ የተጻፈው ርዕስ ጠርዙ ወደ ፊት ሽፋኑ ታጥፏል። ጋሼ ደራሲው ምንም አላሉም፤ ጣታቸውን እጥፋቱ ላይ ብቻ አሳለፉ። የገጹ ብዛት ሳይወሰን ሽፋን አትጨርሱ፣ በቃ።

የቀረው አጭር ነው። ለመቁረጫ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ። የስክሪን ቀለም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ናሙና ሳታዩ "ይታተም" አትበሉ። ምስል በቴሌግራም ስትቀበሉ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ይላክላችሁ።

ቀብድ ሳትቀበሉም አትጀምሩ። "አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ" ያለ ደንበኛ ሲመጣ እጥፍ ቀብድ ጠይቁ።