ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ፊታችሁን እወቁት

ጓደኛችሁን ያማረባትን ክሬም ገዝታችሁ ፊታችሁ ብጉር በብጉር ሆኖ ያውቃል? የኔ ሆኖ ያውቃል። ክሬሙ ምንም አላጠፋም፤ የሷ ቆዳ ደረቅ ነው፣ የኔ ወዛም።

እና መጀመሪያ ሙከራ። ለስለስ ባለ የፊት መታጠቢያ ታጠቡ፣ በፎጣ ሳትፈትጉ ውሃውን ብቻ አንሱ፣ ከዚያ ምንም ሳትቀቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። እጃችሁ አላርፍ ይላል፣ ግን አትንኩት። ሰዓቱ ሲሞላ ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭና ጉንጭ ላይ ለየብቻ ሶፍት ጫን አድርጉና ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ሁሉም ወዝ ከያዘ ቆዳችሁ ወዛም ነው። ሶፍቱ ንጹህ ሆኖ ስትስቁ ጉንጫችሁ የሚሰነጠቅ እስኪመስላችሁ ከተወጠረ ደረቅ ነው። ግንባርና አፍንጫ ወዝቶ ጉንጭ ከደረቀ ድብልቅ። ወዙም መወጠሩም ከሌለ እድለኛ ናችሁ፣ ብዙ አትነካኩት። አዲስ ነገር በተቀባችሁ ቁጥር የሚቀላና የሚለበልብ ከሆነ ደግሞ ስስ ቆዳ ነው፣ ይሄኛው ከሌሎቹ ጋር ተደርቦም ይመጣል።

ሙከራውን በተራ ሳሙና እንዳትሠሩት። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው፣ የተራ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል፤ ወዙን ጠራርጎ ስለሚወስደው የማንም ፊት ይወጠራል። እኔ ወዙን አጠፋለሁ ብዬ በቀን አራቴ እታጠብ ነበር። ምን አተረፍኩ? ከላይ የሚያብረቀርቅ፣ ከስር የሚቆጠቁጥ ፊት። ለካ ወዝ ማነስና ውሃ ማነስ የተለያዩ ናቸው፣ ወዛም ቆዳም ውሃ ሊያጥረው ይችላል። ጠዋትና ማታ ይበቃል።

ወዛም ብትሆኑም ክሬም አይቅርባችሁ፣ ብቻ ቀለል ያለ ጄል ነገር ምረጡ። ብጉር ካለ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ጥሩ ነው፣ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነው ቀዳዳ ድረስ ይገባል። ደረቆች ወፈር ያለ፣ ግሊሰሪንና ሴራማይድ (ውሃው ከቆዳ እንዳያመልጥ የሚይዝ ቅባት) ያለበት ክሬም ፊታችሁ ገና እርጥብ እያለ ተቀቡ። ድብልቅ ለሆነ ሰው ጉንጭና ግንባር ላይ የተለያየ ነገር መቀባት ነውር የለውም። ስስ ቆዳ ያላችሁ፣ ሽቶ ያለበትን በሙሉ እለፉት።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ለሁሉም ነው፣ ጠቆር ያለ ቆዳም ከፀሐይ ማድያት ያወጣል። ኤስፒኤፍ (እቃው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት።

አዲስ የገዛችሁትን መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው በኩል ለጥቂት ቀን ሞክሩት። ሦስት ነገር ባንድ ሳምንት አትጀምሩ፣ ያቃጠላችሁ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችሉም። ባንድ ሳምንት ፊት እናነጣለን የሚሉትን፣ ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ክሬም ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ ስቴሮይድ (ሲቆይ ቆዳን የሚያሳሳ መድኃኒት) ወይም ሜርኩሪ (መርዛማ ብረት) የተቀላቀለበት ይኖራል።