አፕዴት ተደርጓል፣ ቀዳዳው ግን ክፍት ነው፦ ችግርና መፍትሄ

አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ያለ የሚሞሪ ስህተት (ፕሮግራሙ ሚሞሪን በአግባቡ ባለመያዙ የሚፈጠር ቀዳዳ) ሲታወቅ አፕዴት እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ምልክት፦ ፓኬጁ አዲስ ነው፣ ሰርቪሱ ከውጭ ሲፈተሽ ግን አሁንም ተጋላጭ ነው

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። የተቀየረው ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ብቻ ነው። ሲሰራ የቆየው ፕሮሰስ (እየሄደ ያለው ፕሮግራም) ግን ሲነሳ የጫነውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ሚሞሪ ውስጥ እንደያዘ ነው። ሊኑክስ ላይ ፋይሉ ቢሰረዝ እንኳ ፕሮሰሱ እስኪዘጋ ድረስ አሮጌው ኮድ መስራቱን ይቀጥላል። የፓኬጅ ቁጥር ብቻ የሚያይ ስካነር ደግሞ «ሰላም ነው» ብሎ ያልፋችኋል።

አንድ መስሪያ ቤት ኦፕንኤስኤስኤልን (ግንኙነትን የሚያመሰጥረውን ላይብረሪ) አድሶ ጉዳዩን ዘግቶት ነበር። ዌብ ሰርቨሩ ግን ለወራት ሪስታርት ተደርጎ አያውቅም። ጭራሽ «ጠፍቶ አያውቅም» ብለው ይኮሩበት ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ «ሪሎድ አድርገናል» አሉኝ። ኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ሪሎድ ሲደረግ፣ ማለትም ሴቲንጉን እንደገና ሲያነብ፣ ዋናው ፕሮሰስ አይቀየርም። አዲሶቹ ፕሮሰሶች ከእሱ ስለሚወለዱ አሮጌውን ላይብረሪ ይወርሳሉ። ሪሎድ ሪስታርት አይደለም! ብራውዘርም እንደዚሁ ነው፤ ተዘግቶ ካልተከፈተ አፕዴቱ ስራ አይጀምርም። «በኋላ» የሚለውን እየተጫኑ ሳምንት የሚያሳልፉ ሰዎች ትዕግስቴን ይጨርሱታል።

መፍትሄ፦ በሩት (ሙሉ ስልጣን ባለው አካውንት) «ኤልሶፍ» (lsof) የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱና «ዴል» (DEL) የሚል ምልክት ያለባቸውን ላይብረሪዎች ፈልጉ። ደቢያን ላይ «ኒድሪስታርት» (needrestart)፣ ሬድሃት ላይ «ኒድስ-ሪስታርቲንግ» (needs-restarting) ዝርዝሩን ያወጣላችኋል። የወጣውን ሁሉ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ መልሳችሁ ፈትሹ።

ማስጠንቀቂያ፦ ተጠቅተናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለሪስታርት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማሽኑን ከኔትወርክ ነጥሉ፤ የሚሞሪውን ቅጂና ሎጉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሚሞሪ ላይ ብቻ ያለ አሻራ ከሪስታርት በኋላ አይገኝም።

ምልክት፦ የሲስተሙ ላይብረሪ ታድሷል፣ አንዳንድ አፖች ግን አልዳኑም

ሴፕቴምበር 2023 የሊብዌብፒ (የዌብፒ ምስሎችን የሚከፍት ላይብረሪ) ስህተት (የመለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2023-4863) ሲወጣ መጀመሪያ የክሮም ችግር ብቻ መስሎ ነበር። ያው ኮድ ግን ፋየርፎክስ ውስጥም፣ በኤሌክትሮን (የክሮምን ኮድ ይዞ የሚመጣ የአፕ መስሪያ) የተሰሩ አፖች ውስጥም ነበር። እነዚህ የየራሳቸውን ቅጂ ይዘው ስለሚመጡ የሲስተሙ አፕዴት አይደርስባቸውም። እያንዳንዱን ለየብቻ አድሱ። ኮንቴይነር (አፑ ከነላይብረሪዎቹ ታሽጎ የሚሰራበት) ከሆነ ኢሜጁ (የታሸገው ቅጂ) እንደገና ይሰራ። ውስጡ ምን ላይብረሪ እንዳለ የማይናገር አምራች ደንበኛውን ጨለማ ውስጥ ነው የሚተወው።

ምልክት፦ ሪስታርትም ተደርጎ ሰርጎ ገቡ ይመለሳል

እ.ኤ.አ. በ2023 ሲትሪክስ ብሊድ የተባለው ስህተት (ሲቪኢ-2023-4966) የኔትስኬለርን (ከውጭ ወደ ድርጅት ኔትወርክ የሚገባበት የሲትሪክስ መሳሪያ) ሚሞሪ ለአጥቂ ያፈስ ነበር። ከፓቹ (ስህተቱን ከሚያርመው አፕዴት) በፊት የተሰረቀ የሴሽን ቶክን (አንዴ የገባን ሰው እንደገና ፓስዎርድ ሳይጠይቅ የሚያሳልፍ ምልክት) ከፓቹ በኋላም ያስገባ ነበር። ስለዚህ ክፍት ሴሽኖችን በሙሉ ዝጉ፣ ፓስዎርዶችን ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ሃርትብሊድ (የኦፕንኤስኤስኤልን ሚሞሪ ያፈስ የነበረ ስህተት) ዓይነት ስህተት ላይ የሰርተፊኬቱ ቁልፍም ይቀየራል፤ አሮጌው ሰርተፊኬት ይሻራል።

ምልክት፦ ፓቹ ገና አልወጣም

ስህተቱ ያለበትን ክፍል አጥፉት። ካልተቻለ ሰርቪሱን ከኢንተርኔት ነጥሉት።