የማያን "የፍጻሜ ቀን" በእርሳስና በወረቀት መፈተሽ

"የማያ ካሌንደር አለቀ፣ ዓለምም አብራ ታልቃለች" የሚል ወሬ አዲስ ቀን ይዞ ብቅ ባለ ቁጥር ቀኑን ራስዎ ያስሉት። ካልኩሌተር ይበቃል።

ጥንት በመካከለኛው አሜሪካ የኖሩት ማያዎች ቀን የቆጠሩበት "ረጅም ቆጠራ" አምስት ቤት አለው። ከቀኝ ሲጀመር ኪን 1፣ ዊናል 20፣ ቱን 360፣ ካቱን 7,200፣ ባክቱን 144,000 ቀን ነው። ሰው የሚሳሳተው ቱን ላይ ነው፤ ሌላው ቤት በ20 ሲባዛ ዊናል ወደ ቱን የሚያድገው በ18 ነው። በ360 ፈንታ 365 ወይም 400 ካስገቡ ሒሳቡ በዓመታት ይዛባል።

በመለማመጃ ይጀምሩ። የፓሌንኬው (ዛሬ ሜክሲኮ ውስጥ ያለ የማያ ከተማ) ንጉሥ ፓካል የሞተበት ቀን 9.12.11.5.18 ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር በቤቱ ዋጋ አባዝተው ይደምሩ፦

1,296,000 + 86,400 + 3,960 + 100 + 18 = 1,386,478

በዚህ ላይ 584,283 ይደምሩ። ይህ ቆጠራው የተጀመረበት ዕለት (ኦገስት 11 ቀን 3114 ቅድመ ክርስቶስ) የጁሊያን ቀን ቁጥር (የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ቀናትን ሳያቋርጡ የሚቆጥሩበት) ነው። ድምሩን 1,970,761ን በቀን መቀየሪያ ሲያዩት ኦገስት 29 ቀን 683 ይሰጣል። ኦገስት 26 ካለዎት አይደንግጡ፤ መቀየሪያው ከጎርጎርዮስ በፊት የነበረውን የጁልየስን አቆጣጠር ተጠቅሞ ነው።

አሁን "ዓለም ታልቅበታለች" ወደተባለው ታዋቂ ቀን፣ ወደ 13.0.0.0.0። 1,872,000 ሲደመር 584,283፣ 2,456,283፦ ዲሴምበር 21 ቀን 2012፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005። ማግስቱ 13.0.0.0.1 ነው፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ፓሌንኬ ውስጥ ደግሞ እስከ 4772 የሚዘልቅ ቀን ተቀርጿል።

በ2020 "ጎርጎርዮስ በየዓመቱ 11 ቀን በልቷል" ተብሎ ቀኑ ወደ ጁን 21 ተገፍቶ ነበር። በ1582 የተዘለለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ 10 ቀን ነው፤ ያም የቀናት ስም እንጂ ቁጥራቸው አይደለም።