ካህኑ ሲያጠፋ አቤት የሚባለው የት ነው?

ጉዳዩን መጀመሪያ ለዩት። ካህኑ ጠጥቶ አገልግሎት ከገባ፣ ምእመን ከተሳደበ፣ የንስሐ ልጁን ምሥጢር ከዘራ የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው። ሴት ካስገደደ፣ ልጅ ከነካ፣ የሙዳየ ምጽዋት ብር ኪሱ ከከተተ ግን ወንጀል ነው፤ ጥምጥም ያሰረ ሰው ስለሠራው ስሙ አይለወጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ወንጀሉን ይዞ ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣል።

መደፈር ከሆነ ከሁሉም በፊት ሆስፒታል። ፖሊስ ጣቢያ እንኳ ቀጥሎ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ገላ መታጠብ ይቆይ፣ ልብሱም አይታጠብ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባም ከሆነ፣ ቀናትም ካለፉ፣ ረፍዷል ብላችሁ አትቅሩ።

ፖሊስ ጋ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ መርማሪ ጠይቁ። እኛ ባለንበት አዳማ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማትችሉ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ቃላችሁ በአማርኛ ይነበብላችሁ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፣ ማንም ቢያጣድፋችሁ።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ጋቢውን ደርቦ፣ «የቤተ ክርስቲያንን ገበና አታውጡ» እያለ፣ አንዳንዴም ካሳ የሚሉትን ብር ይዞ። አትጣሉ፣ አትከራከሩ። «አባቶቼ፣ አክብሬያችኋለሁ፣ ነገሩ ግን በሕግ ተይዟል፣ ከእጄ ወጥቷል» በሉና ቡና አጠጥታችሁ ሸኙ። እውነትም ነው፤ የመደፈር ክስ ተበዳይዋ ይቅር ብያለሁ ስላለች የሚዘጋ አይደለም። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ «ፈቅዳ ነው» የሚባል መከላከያ አይሠራም።

ጥቅስ የሚጠቅስም አይጠፋም። ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አይቀበሉም ይላችኋል፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19። ልክ ነው፣ ተጽፏል። እሺ በሉና ቀጣዩን ቁጥር ራሱ እንዲያነብ ስጡት፤ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። እኔ እስካሁን እስከ ቁጥር 20 ድረስ የሚጠቅስ ሸምጋይ አላጋጠመኝም።

«በንስሐ ጊዜ የሆነ ነገር ነው፣ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል» ብላችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ፦ የንስሐ ምሥጢር የታሰረው በካህኑ አፍ ላይ ነው። የተበደለው ሰው የደረሰበትን ከመናገር የሚያግደው የለም።

አሁን የቤተ ክህነቱ መንገድ። አቤቱታ ከአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይጀምርና ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ወደ ሀገረ ስብከት ይወጣል፤ የምሥራቅ ሸዋ ሀገረ ስብከት መቀመጫው እዚሁ አዳማ ስለሆነ እኛ ከሌላው ይቀለናል። ችግሩ የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ራሱ የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። የሚከሰሰው እሱ ከሆነ ደብዳቤውን እሱ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ በቀጥታ ወደ ላይ ሂዱ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ቀኑን፣ ቦታውን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ የሰማችሁትን «ሰማሁ» ብላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ። «ይሁዳ»፣ «ተኩላ» ምናምን የሚለውን ተዉት፣ አንባቢው እዚያ ላይ ሲደርስ ጠበኛ ናቸው ብሎ ይዘጋዋል። የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ደረሰኝ የሌለውን ክፍያ በቀንና በብር መጠን ዘርዝሩ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በራሳችሁ ቅጂ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። በቃል የነገራችሁት ነገር ነገ «ማን ነገረን?» ይባላል።

ቲክቶክ ላይ መጀመሪያ አትውጡ። ንዴቱ ይገባኛል። ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የስም ማጥፋትን ሲደነግግ የተባለው ነገር እውነት መሆኑ ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም፤ ለፖሊስና ለሚመለከተው አካል ማመልከት ግን ሌላ ነገር ነው። የተጎጂዋን ስምና ፎቶ ደግሞ በምንም ምክንያት አታውጡ። የአንድ ሰፈር ሰው እኮ በጫማዋ ይለያታል።

ለክትትል ብቻችሁን አትሂዱ፣ አንድ የማይፈራ ዘመድ ወይም ጓደኛ አስከትሉ። መልስ ከዘገየ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥር ጠቅሳችሁ ማስታወሻ ጻፉ፣ ግልባጩን አንድ ደረጃ ወደ ላይ አድርጉት፤ መጨረሻው አዲስ አበባ ያለው ጠቅላይ ቤተ ክህነት ነው። «ተዛውሯል» ካሏችሁ ወዴት እንደሄደ፣ አሁንም እየቀደሰ እንደሆነና የንስሐ ልጆች እንዳሉት በጽሑፍ ጠይቁ።