ቅቤ ክረምቱን እንዲሻገር እንዴት ይነጠራል?

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ለጋ ቅቤ በእንዲህ ያለ አየር ቶሎ የሚበላሸው ውሃና የወተት ቅሪት በውስጡ ስላለ ነው። ብዙ ሰው ቅቤን የሚያቆየው ቅመሙ ይመስለዋል። ቅመሙ በዋናነት ለጣዕምና ለሽታ ነው፤ ይበልጥ የሚያቆየው ውሃው ተሟጦ መውጣቱ ነው።

ለ1 ኪሎ ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ያንኑ ያህል በሶብላና ኮሰረት፣ 1 የሻይ ማንኪያ አመስ አመስ የተደረገ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። ኮረሪማ ለጅማ የአገሯ ነውና ከነልጣጩ ገዝተው ቤት ይውቀጡት፤ ተፈጭቶ የቆየ ሽታው ያልቃል። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚጨምሩ አሉ። ቶሎ ለሚያልቅ ቅቤ ይጣፍጣል፤ ለክረምት ለሚቀመጠው ግን እርጥብ ነገር ባይገባበት ይሻላል።

1. ከኮባው ያወጡትን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ እያሹ ይጠቡ። አሬራው ለቆ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ውሃውን ይቀያይሩ፤ ከዚያ በደንብ ያጠንፍፉት።

2. ወፍራም ድስት ውስጥ ጨምረው በለዘብተኛ እሳት ያቅልጡ። አረፋውን እየገፈፉ ያውጡ።

3. ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ከድስቱ አይራቁ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅቤው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ ውሃው ሲያልቅ ግን በፍጥነት ይወጣና ታች የተኛው ዝቃጭ ያርራል። ስለዚህ ጆሮዎን ይስጡት። መንተክተኩ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ ሲል፣ የድስቱም ወለል ጥርት ብሎ ሲታይ ውሃው አልቋል። ድስት ክዳን ከደኑበት ግን እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠባል።

4. እሳቱን ቀንሰው ቅመሙን ይጨምሩ፤ ጥቂት ደቂቃ ካማሰሉ በኋላ ያውርዱ። ቀድሞ የገባ ቅመም ያርርና ቅቤውን መራራ ያደርገዋል።

5. ዝቃጩ እስኪሰክን ጠብቀው ከላይ ከላይ በንጹሕና ደረቅ ሻሽ ያጥልሉ።

6. ደርቆ የቆየ የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ እስከ አንገቱ ይሙሉ፤ ባዶ ቦታው ባነሰ ቁጥር አየሩም ያንሳል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይክደኑት፤ ላቡ ከክዳኑ ተመልሶ ይገባል።

ፀሐይ ከማያገኘው፣ ከምድጃም ከራቀ ቦታ ያስቀምጡ። በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ወደ ትንሽ ዕቃ ቀንሰው ትልቁን አይነካኩት። እርጥብ ማንኪያ የነካው ቅቤ የቱንም ያህል በደንብ ቢነጠር ይሻግታል፤ ሻጋታ የታየበትንም ላዩን ገፍፎ መብላት አይገባም።

ድስቱ ሥር የቀረውን ቅመም ያዘለ ዝቃጭ አይጣሉት፤ ሳያድር ጨጨብሳ ይታሽበት።