ለመንግሥት ሥራ የቃል ፈተና ለተጠራችሁ የወሎ ልጆች

የጽሑፍ ፈተናውን አልፋችሁ ስማችሁ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን የቀረው የቃል ፈተናው ነው። ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሸመድድ አድሮ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል። ዕውቀታችሁን ግን ፈታኞቹ በጽሑፍ አይተውታል። አሁን ማየት የሚፈልጉት ባለጉዳይ ፊታችሁ ሲቆም ምን ዓይነት ሰው እንደሆናችሁ ነው።

መጀመሪያ የሥራ መዘርዝሩን አንብቡ። ማስታወቂያው ላይ ያለችውን አንድ መስመር አይደለም፣ መደቡ በየቀኑ የሚሠራውን ነው የምላችሁ። ካላገኛችሁት በዚያው መደብ ላይ ያለ ሰው ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙትና "ባለጉዳይ በብዛት የሚያማርረው በምንድን ነው?" በሉት።

ቀጥሎ አካባቢውን እወቁ። እኔ የመጀመሪያው ፈተናዬ ላይ የወደቅኩት እዚህ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፣ የተወዳደርኩት ግን ለአንድ ደጋ ወረዳ ነበር። "በልግ የቀረበት ገበሬ ምን ይሆናል?" ሲሉኝ ዝም አልኩ፤ እስከዚያ ቀን የማውቀው ክረምትን ብቻ ነበር። በወሎ ደጋ ግን ገብሱን በበልግ ዝናብ የሚያመርት ገበሬ ብዙ ነው። የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ከቀረ በሰኔና በሐምሌ የሚሰበስበው የለውም፣ እስከ መኸር ድረስ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ለጋምቦ ወረዳ ላይ የምትወዳደሩ ይህን እወቁ። ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ በ2009 ስለተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ለሥራ ብሎ ስለሚመጣው ወጣትና ስለ ቤት ኪራዩ አስቡ።

12ቱን የመንግሥት ሠራተኛ የሥነ ምግባር መርሆዎች ሁሉም ሰው በቃሉ ይዞ ይመጣል። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ሚስጥር መጠበቅ እያለ ይደረድራቸዋል። መደርደር ብቻውን ከማንም አይለያችሁም። ለእያንዳንዱ ከራሳችሁ ሕይወት አንድ እውነተኛ ነገር ፈልጉለት። የሰፈራችሁ ቅሬ (እድር) ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ገንዘቡ ሲጎድል ምን አደረጋችሁ? ሱቅ ስትሠሩ የተረሳ ስልክ መልሳችኋል? ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ አትተዉት፣ እውነት ከሆነ ይሰማል። የፈጠራ ታሪክ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል።

የማይቀር ጥያቄ አለ። "አጎትህ ሰልፉን አልፎ ገብቶ 'ቶሎ ጨርስልኝ' ቢልህስ?" እኛ አገር ሁሉም ሰው ዘመድ ስለሆነ ይህ በየቀኑ የሚገጥም ነገር ነው። "ሕጉ አይፈቅድም ብዬ እመልሰዋለሁ" የሚል መልስ ማንም አያምነውም። "አክብሬ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ተራቸውን እነግራቸዋለሁ፣ ጉዳያቸው እኔው ጋ ከሆነ ደግሞ ለኃላፊዬ ነግሬ ሌላ ባልደረባ እንዲያየው አደርጋለሁ" ብትሉ ግን በትክክል የምታደርጉትን ነው የተናገራችሁት።

ሌላው የጎደለ ማስረጃ ጉዳይ ነው። ከደላንታ ደሴ ድረስ የመጡ እናት አንድ ወረቀት ቢጎድላቸው ምን ትላላችሁ? "ነገ ይምጡ" ማለት ለእሳቸው የመኪና ብር፣ የማደሪያ ብር፣ የአንድ ቀን ሥራ ማለት ነው። ነገ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ወረቀት ጎደለ ይባላሉ። የሚጎድለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆጥሬ፣ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፣ ማንበብ ካልቻሉ አስረዳቸዋለሁ፣ ከቢሯችን የሚወጣ ከሆነ ራሴ አፈላልጌ አመጣላቸዋለሁ በሉ። ይህን መልስ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም እናቴ ስትመላለስ አይቻለሁ።

ሕገ መንግሥቱን ሙሉውን ለመሸምደድ አትጨነቁ። አንቀጽ 12ን ግን አንብቡት፣ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ስለ ተጠያቂነት የሚናገረው እሱ ነው። የማታውቁት ነገር ከመጣ "ይህን አላውቀውም" በሉና እለፉ። መቀባጠር ነው የሚጥለው።

ከጓደኛ ጋር ተለማመዱ፣ በስልክ ቅዱና መልሳችሁ ስሙት። መልሳችሁ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ አሳጥሩት። እቤት ለታላቅ "አንቱ" ብንልም እዚያ "እርስዎ" ማለቱ ለሁሉም ያስኬዳል። ልብስ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል፤ ግን ከደሴ ብርድ ለብሳችሁ የወጣችሁት ወፍራም ኮት ኮምቦልቻ ስትደርሱ በላብ ያጠምቃችኋልና አስቡበት። ኦሪጅናልና ኮፒ፣ መታወቂያ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ከተጠየቀ እሱንም፣ ማታውኑ በአንድ ፌስታል አድርጉ። መናኸሪያው ላይ ሰልፍ ስለማይጠፋ ማልዳችሁ ውጡ። "ብር ስጠኝና አስገባሃለሁ" የሚል ደላላ ከመጣ ሽሹት። ውጤቱ ካልተዋጠላችሁም ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

መጨረሻ ላይ "ጥያቄ አለህ?" ሲሏችሁ "የለኝም" አትበሉ። "በሙከራ ጊዜዬ ሥራውን የሚያሳየኝ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አመስግኑና ውጡ።